ድንኳኑ ሳይተከል

የዕድር ዳኛ ሆኜ ስንት ድንኳን አስተክያለሁ፤ እንደዛሬ ግን ደክሞኝ አያውቅም።

ጎረቤታችን ራጉኤል ሌሊት አርፎ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። ድሮ ቢሆን ጥሩምባ ይነፋ ነበር። የለቡ ኮንዶሚኒየም ወጣቶች ግን ጥሩምባው ይረብሻል ብለው በቴሌግራም ተኩት። ጠዋት መርዶውን ለጠፍኩ። "ነፍስ ይማር" እንደ ጉድ ጎረፈ፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጋጠመ እጅ። ድንኳኑ ጋ ግን ከእኔና ከብረቶቹ በቀር ማንም የለም። አስከሬኑ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ በሰው ትከሻ ነው የሚወርደው።

"ሰው ሁሉ የት ገባ?" አልኩት ጥበቃውን ኦልጅራን።

"አዳራሽ ናቸው ጋሼ ደምሰው። ስብሰባ አለ። ምሳና ቲሸርት ይሰጣል አሉ። እኔ በሩን ጥዬ መሄድ አልችልም እንጂ ባግዝዎ ደስ ይለኝ ነበር።"

ሄድኩ። መድረኩ ላይ "ማኅበራዊ ትስስራችን ለምን ላላ?" የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ግማሹ ሕንፃችን ነጭ ቲሸርት ለብሶ ተቀምጧል። አንዱ ስልክን ወቀሰ፣ ሌላው ጫትን። ጎረቤቴ ቶሌራ ተነሥቶ "ድሮ እኮ ሰው ለሰው ነበር" ሲል ዕንባው ሊመጣ ምንም አልቀረው። እጄን አወጣሁ፤ ማይክ ሰጡኝ።

"ራጉኤል ሞቷል። ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬን የሚያወርድ ስምንት ሰው ስጡኝ።"

አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበልኝ።

"አባታችን ችግሩን በምሳሌ አሳዩን፤ እናመሰግናለን" አለች ስብሰባውን የምትመራው ልጅ። አንዱ በስልኩ ይቀርጸኛል።

ቶሌራ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "ጋሼ፣ እኔ ነፍስ ይማር ብያለሁ እኮ። ምሳ እንብላና እንመጣለን" አለኝ።

ልሰድበው ነበር። መሳደብም ጉልበት ይፈልጋል፤ ትቼው ወጣሁ።

ስመለስ የራጉኤል ሚስት ፀሐይወርቅ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ከፎቅ ወርዳ አንዱን የድንኳን ብረት ይዛ ለማቆም ስትታገል አገኘኋት። በዕድሜዬ ሐዘንተኛ የራሷን ድንኳን ስትተክል አይቼ አላውቅም። አፈርኩ።

"ተይው እንጂ ፀሐይዬ፤ አንቺ ሂጂ ተቀመጪ" አልኳት።

"የት ልቀመጥ ጋሼ ደምሰው?" አለች፣ ብረቱን ሳትለቅ። "ድንኳኑ መች ተተከለና?"