የወጌሻዋ እጅ

ሀብሩ ወረዳ ውስጥ የእኔን እጅ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ወልቆ ወይ ተሰብሮ አያውቅም ማለት ነው። ጉራ አይደለም፤ ጉራም ከሆነ ይሁን። እኔ ዘይነባ፣ የመርሳዋ ወጌሻ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ቀኝ እጄ የወለቀ ስመልስ፣ የዞረ ጅማት ሳቃና ኖሬያለሁ። ከሲሪንቃ እርሻ ምርምር ባለዲግሪዎቹ ሳይቀሩ እያነከሱ መጥተው ቀጥ ብለው ሄደዋል።

አምና ታዲያ ደረቴን ጭምድድ አደረገኝ። ልጄ ቶፊቅ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። “የልብዎ ደም ሥር ጠቧል፤ በእጅዎ በኩል ገብተን እንከፍተዋለን” አይለኝም? “ልብ ያለው ደረት ውስጥ! በእጅ የምትገቡት መንገድ ጠፍቷችሁ ነው?” አልኩት። ሳቀ። ወላሂ ግን እንዳለው አደረገ፤ በቀኝ አንጓዬ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ልቤ ድረስ ሄደና ከፈተልኝ። ደም የሚያቀጥን ክኒን ሰጥቶ ወደ ቤቴ ሸኘኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ደረቴ ቀለለኝ።

መርሳ በገባሁ በሳምንቱ ግን እጄ አመመኝ። ከአንጓዬ ተነስቶ እስከ ክርኔ ይጠዘጥዘኛል። ቱቦው በገባበት ቦታ ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣች። መጨበጥ አቃተኝ። የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ሲያመልጥ ያን ጊዜ ፈራሁ። የማያሽ እጅ ይዤ ምን ተብዬ ልጠራ ነው? ብቻዬን ስሆን አለቀስኩ፤ ሰው ፊት ግን ምን ሲደረግ!

ለማንም ሳልናገር ራሴው ፈረድኩ። ክንዴን ዘርግተው ሲያቆዩኝ ጅማቴ ዞሯል፤ ሌላ ምን ሊሆን? የዞረ ጅማት ደግሞ በቅቤ ይታሻል። አለቀ።

የገበያ ቀን ነበር። በረንዳዬ ላይ አራት በሽተኛ ተቀምጧል፤ አፉ የማያርፈው ደላላው ደሞዜም ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት መጥቷል። የቶፊቅን ሚስት ሩቂያን ጠራኋት። ሩቂያ ምራቴ ብቻ አይደለችም፤ ሙያዬን የማስተምረው እሷን ነው። አምስት ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ ቅቤ ስታቀልጥ፣ የበሽተኛ እግር ስትይዝልኝ ኖራለች። አንድ ቀን ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰምቼ አላውቅም። ክንዴን ጭኗ ላይ ዘርግቼ፣ “በይ፣ በደንብ አድርገሽ እሺልኝ” አልኳት።

ጣቷን እብጠቷ ላይ ሳትጫን አሳረፈች። ቆየች።

“እማዬ፣ ይመታል። ትር ትር ይላል።”

“ቢልስ? የሞተ ሰው እጅ ነው እንዴ የማይመታው?” ደሞዜ ሳቀ።

“ይሄ ጅማት አይደለም። ደም ሥር ነው። አልነካውም።”

እኔን? በገዛ በረንዳዬ፣ በሽተኛ እያየ? ደሜ ፈላ። “ኧረ! ማን አስተምሮሽ ነው ለእኔ ጅማትና ደም ሥር የምትለዪልኝ?”

“አንቱ ነዎት። የሚመታ እብጠት አይታሽም ያሉኝ አንቱ ነዎት።”

እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። ለሌላ ሰው እጅ ነዋ ያልኩት! በራሴ ሲመጣ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እልኸኛ ነኝና ግራ እጄን ወደ ቅቤው ሰደድኩ። ሩቂያ ሳህኑን ከፊቴ አንስታ ደጅ ደፋችው!

“ይቆጡኝ፤ ከፈለጉም ከቤት ያስወጡኝ። ወልድያ ግን አሁኑኑ እንሄዳለን” አለች፣ እያለቀሰች።

እያኮረፍኩ ተከትያት ሚኒባስ ገባሁ። ልትደግፈኝ ስትል ክንዴን እነጥቃታለሁ። እሷ ግን ከመናኸሪያው በባጃጅ አድርጋ ሆስፒታል አስገባችኝ።

ዶክተር ደሳለኝ የሚባል ቀጠን ያለ ሰው አንጓዬን በአልትራሳውንድ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። “ቱቦው የገባበት ቀዳዳ አልተዘጋም። ደሙ እየወጣ ከረጢት ሠርቷል። ወጌሻ ዘንድ ሄደዋል እንዴ?”

“ወጌሻዋ እኔ ነኝ” አልኩት፣ አገጬን ቀና አድርጌ።

ደንገጥ አለ። “እንኳን አላሹት። ክኒኑን እየወሰዱ ቢታሽ ኖሮ ይፈነዳ ነበር። እጅዎን፣ ምናልባትም ነፍስዎን ያጡ ነበር።”

በመሣሪያው እያየ ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ያዘው። ሕመሙን አልነግራችሁም! ከዚያ አጥብቆ አሰረው። በማግስቱ ሲፈታው ተዘግቷል፤ ጣቶቼ አንድ በአንድ ታዘዙልኝ።

የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ነበርና ሐኪሙ ወደ ሩቂያ ዞረ። “አይነካም ያልሽው አንቺ ነሽ? የት ነው የተማርሽው?”

መሬት መሬት እያየች፣ “እማዬ ዘንድ” አለችው።

ከትናንት ጀምሮ ያኮረፍኳት ልጅ! እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም። “ሰማህ ዶክተር? የእኔ ናት!” ብዬ ስጮህ አንዲት ነርስ ከኮሪደር ብቅ ብላ አየችን። በዕድሜዬ ስንት አጥንት መልሻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ ግን አላውቅም። ሩቂያን አንገቷን አቅፌ “አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት።

በወሩ ደሞዜ ቁርጭምጭሚቱ ዳግም ዞሮበት እያነከሰ መጣ። እኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ሩቂያ ተቀምጣለች። አያትና ወደ እኔ ዞሮ እግሩን ዘረጋ።

“እትዬ ዘይነባ፣ እጅዎ ድኗል አሉ። እኔን አንቱ ይዩኝ።”

እጄማ ድኗል። እግሩን አፈፍ አደረግሁና እስኪጮህ ጨመቅ አድርጌ አሳየሁት። ከዚያ አንስቼ ሩቂያ ጭን ላይ አኖርኩት።

“እኔን እምቢ ያለች ልጅ አንተን የምትፈራ መሰለህ? ዝም ብለህ እግርህን ስጣት!”