ከካፖርቱ ጋር የምትሄደው ባዝራ

ልጆቼ፣ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሰው ምን ይልበስ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ከእግር የሚጣበቅ ሱሪ፣ አገጭ ሥር በደንብ የሚታሰር ሄልሜት። የሚውለበለብ ነገር ካለህ ቤትህ ተወው። ይህንኑ በጋጣው በር ላይ በትልቁ ጽፈን ለጥፈነዋል። እኔም ፈረስ መጋለብ ሳስተምር ዕድሜዬን ሙሉ ይህንኑ ስደጋግም ስለኖርኩ ተማሪዎቼ «እማማ ሄልሜት» ይሉኛል። ይበሉኝ። የሚያሾፉብኝ ጭንቅላታቸው ደህና ስለሆነ ነው።

ጽሑፉን የሚያነበው ብዙ ነው። አላነብም የሚለው ሁልጊዜ ያ ለመታየት የለበሰው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የባሰው የጋጣው ባለቤት ሚስት ወንድም ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሚወርድ ዳማ ቀለም ካፖርት በበጋም በክረምትም ስለማያወልቅ «ጋሽ ካፖርት» እንለዋለን። ፈረስ አይወድም። ፈረስ ላይ ሆኖ መታየት ነው የሚወደው። አንድ ነፋሻ ጠዋት እኅቱ ጓደኞቿን አስከትላ ልታየው ስትመጣ፣ ሰውየው ዳር ላይ የታሰረችውን ዳማ ባዝራ በጣቱ አሳየኝ።

«ዛሬ ይቺን ነው የምወጣው።»

«ለምን እሷን?»

«ከካፖርቴ ጋር የምትሄደው እሷ ናት።»

አንዱ ገራም ስለሆነ፣ ሌላው ቁመቱ ስለሚስማማው ፈረስ ሲመርጥ አይቻለሁ። ፈረስን እንደ ከረባት የመረጠ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

የዳማዋን ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ደርባ ወጣችባት። ንፋሱ ላስቲኩን ሲያንኮሻኩሸው ባዝራዋ ደንብራ ጣለቻት፤ ክንዷ ተሰበረ። ባለቤቱም ያን ጊዜ ቁርጡን ነገረኝ፤ ሌላ ሰው ከጣለች ለጋሪ ነጂ ትሸጣለች። የእናቷን ጡት ከተወች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ጋሪ ላይ ተጠምዳ ጅራፍ ስትበላ ማየት ለእኔ ሞት ነው።

ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። በአባቱ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርቻ ላይ ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ አንተ እለዋለሁ።

«ይህ ሰው በዚህ ልብስ ወጥቶ ቢወድቅ ጥፋቱን በማን ልታደርገው ነው?»

«ይተዉኝ እስቲ እማማ። ሚስቴ እዚያ ቆማ እያየችኝ ነው።»

እንግዲህ ሚስቱን የፈራ ባል ለፈረስ አይፈርድም። ወደ ካፖርቱ ተመለስኩ።

«ልጄ፣ እሱን አውልቅና ውጣ።»

«እማማ፣ ይህ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ አውልቅ አይሉኝም።»

«ለእኔ አትንገረኝ። ለዳማዋ ንገራት፣ ሲውለበለብ የምትሰማው እሷ ናት።»

የእኅቱ ጓደኞች ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ የሳቁት በእኔ መስሎታል። ስነዘንዘው ሄልሜቱን ተቀበለኝ፤ ግን ፀጉሩ እንዲታይ ወደ ኋላ ገፋው፣ ማሰሪያውንም እንደ ጉትቻ አንጠለጠለው። ጫማው ሹል ነው፤ ተረከዝ የሚባል የለውም፣ ሶሉ እንደ መስታወት ይንሸራተታል። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች።

ወጣና ሜዳውን በግማሽ እንኳ ሳይዞር ነፋስ መጣ። ካፖርቱ እንደ ድንኳን ተነሳ። ዳማዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። እሱ ሲደነግጥ እግሩ በእርካቡ ውስጥ አልፎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ፤ ተረከዝ ቢኖረው ያስቆመው ነበር። እግሬን ላውጣ ብሎ ሲጎነበስ በጎኗ ተንሸራተተ። የካፖርቱ ጫፍ በኮርቻው የኋላ ጉብታ ተያዘና ሰውየው እንደታጠበ ልብስ ተሰጣ፤ አንድ እግሩ እርካብ ውስጥ፣ ራሱ ጉልበቷ አጠገብ። ሄልሜቱ እንደ ቅል ተንከባሎ ሄደ።

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ብትሮጥ ራሱን ከመሬት እያጋጨች ትጎትተው ነበር። እሱ ይሞታል፣ እሷ ትሸጣለች። ካፖርቱ ደግሞ ጎኗን ይገርፋታል።

«ቁሚ የኔ እናት» አልኳት በቀስታ። «ቁሚ።»

ቆዳዋ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗ ነጩ ብቻ ቀርቷል። እግሯን ግን አላነሳችም።

ባለቤቱ ቢላ ይዞ ሮጦ መጣ። ጋሽ ካፖርት ተዘቅዝቆ እየጮኸ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቀስ ብላችሁ ፍቱት፣ እንዳትቀዱት።» ስለ ነፍሱ አንድ ቃል የለም። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል ይሉ የለም፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደረሱለት። ባለቤቱ ጨርቁን ሸረከተው፣ እኔ እግሩን አወጣሁ፣ እሱም ፋንድያ ላይ ተቀመጠ።

«ይቺ እብድ ናት» አለ፣ ሱሪውን እያራገፈ። «ሽጣት ብዬህ አልነበረም?»

ባለቤቱ ወደ ዳማዋ ቀረብ አለ። በላብ የተነከረችውን፣ እስካሁንም ካለችበት ያልተንቀሳቀሰችውን ባዝራ ብዙ አያት።

«እሷ ቆማለች» አለው፣ ሚስቱ እየሰማች። «ስትጮህ የነበርከው አንተ ነህ። እብዱ የቱ ነው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አትሸጥም እማማ።»

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የኔዋ ግን ቆማ ተዋጋች፣ ረታችም።

ጋሽ ካፖርት ግማሹን ለብሶ ሄደ፣ አልተመለሰም። የቀረው ግማሽ በሩ ላይ፣ ከጽሑፉ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ማንበብ የማይወድ እሱን ይይ። ጠዋት ጠዋት ግን አወርደውና እንድትለምደው በዳማዋ ፊት አራግበዋለሁ። መጀመሪያ ታፈገፍግ ነበር። አሁን አየት ታደርገውና ታዛጋለች።