ፀጉር አስተካካዩ ከወንበር ሲነሳ

ፀጉር አስተካካዩ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። ዕድሜውን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ ለመላጣውም ለጎፈሬውም "አምሮብሃል" ሲል የኖረ ሰው ነው። ጡንቻን እየበላ የሚያደክመው በሽታ መጀመሪያ ትከሻው ላይ ወጥቶ ክንዱን ማንሳት ሲያቅተው እንኳ፣ ደንበኞቹ እንዳይሳቀቁ ብሎ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርግና "አዲስ ስልት ነው" ይላቸው ነበር። ቆይቶ በሽታው ወደ ጭኑ ወረደ። ያኔ መቀሱን ለሚስቱ አስረከበና እሱ ጥግ ይዞ የሱቁ ጨዋታ አዋቂ ሆነ።

ተመራማሪዋ ደግሞ ሰው ደስ ብሎት ማየት የምትወድ፣ በተለይ ደስ ያሰኘችው እሷ ከሆነች ነፍሷን የማታውቅ ሴት ናት። ይህም ወንጀል አይደለም። ጣጣው የመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ሥራዋ ከቫይረስ ጋር ነው። ሰው የሚያሳምመውን ነገር ከቫይረሱ ውስጥ ታወጣና ቅርፊቱን ብቻ ታስቀራለች፤ በባዶው ቦታ በሽተኛው የጎደለውን ጤነኛ ጂን ትጭንበታለች። ቫይረሱ ጡንቻን ፈልጎ መግባት ድሮም ያውቅበታልና ጭነቱን እዚያው ያራግፋል። ሲያወሩት እንዲህ ይቀላል። እሷ ግን ወጣትነቷን ጨርሳበታለች፤ አንዴ ጂኑ ረዝሞ ቅርፊቱ አልበቃ እያላት፣ አንዴ አይጦቹ ያለ ምክንያት እየሞቱባት፣ አንዴ የማጣሪያ ማሽኑ የወራት ልፋቷን በአንድ ሌሊት እያበላሸባት። ፀጉር አስተካካዩ በቫይረሱ ሙከራ ሊመዘገብ በመጣ ቀን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካስረዳችው በኋላ አገጩን አሻሸና፣ "ገባኝ ልጄ፤ ሌባውን ትጥቅ አስፈትታችሁ ዕቃ አድራሽ አደረጋችሁት" አላት። ከሳቋ የተነሳ እንባዋን ጠረገች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደደችው።

የሙከራው ሕግ ግልጽ ነበር። ከበሽተኞቹ ግማሾቹ ቫይረሱን፣ ግማሾቹ ተራ የጨው ውሃ ይወጋሉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ከስታቲስቲክስ ባለሙያዋ በቀር አንድም ሰው አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ የጨው ውሃ የደረሳቸው በተራቸው እውነተኛውን ያገኛሉ። ግን ከዚያ በፊት በአዲስ ልኬት አንድ ነገር ማለፍ አለባቸው፦ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ያለ ማንም እርዳታ ከወንበር መነሳት። ጡንቻው ጨርሶ ያለቀበት ሰው ላይ ጂን ቢራገፍ የሚቀበለው የለምና። ሌላም ሕግ አለ፤ ቫይረሱን የሠሩት ሰዎች መለኪያው ክፍል ዝር አይሉም። ጉጉታቸው በሽተኛው ላይ ይጋባል ተብሎ ይፈራል።

ተመራማሪዋ ግን ገባች። ከመርፌው በኋላ በመጀመሪያው የልኬት ቀን፣ ብዕር የረሳች መስላ በሩን ከፍታ ግድግዳው ጋ ቆመች። ለኪው ፊዚዮቴራፒስት ዓይኑን አጉረጠረጠባት፤ በበሽተኛ ፊት ግን መቆጣት አልፈለገም። ፀጉር አስተካካዩ እጁን አጣምሮ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ተነሳ። ከመርፌው በፊት በካሜራ ከተቀረጸው ትንሽ ፈጠን ያለ መሰላት። ሳታስበው አጨበጨበች። ይህም አልበቃት ብሎ ኮሪደሩ ላይ ተከትላው እጁን ያዘችና፣ "ኮራሁብዎ ጋሼ። የኔ ሥራ የሚቆመው በእንደ እርስዎ ዓይነት ሰው ነው" አለችው።

ፊቱ በራ። ባለቤቱን ዞር ብሎ አያት፤ ሰምተሻል አይደል እንደማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በየልኬቱ አንድ ሰበብ አታጣም። እሱም ገና ሲገባ በዓይኑ እሷን ይፈልጋል፤ ካገኛት በኋላ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። በየጊዜውም ይሻለው ነበር። ለኪው ብቻዋን ጠርቶ የሕጉን ነገር ቢያነሳባት በከንፈሯ ይቅርታ ጠየቀችና በሚቀጥለው ተመልሳ መጣች። በልቧ ጨርሳዋለች፤ ይህ ሰው ቫይረሷ ደርሶታል። ሌሎቹ ይሁኑ አይሁኑ እንጃ፣ እሱ ግን የሷ ነው።

ዓመቱ አለቀና የሙከራው ባለሙያ ሁሉ በአንድ አዳራሽ ተሰበሰበ። ማን ምን እንደተወጋ የሚነገርበት ቀን ነው። ተመራማሪዋ ቀድማ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀችና የፀጉር አስተካካዩን ቪዲዮ ግድግዳው ላይ ለቀቀችው። መጀመሪያ እየተንቀጠቀጠ ሲነሳ፣ ቀጥሎ ሲሻለው፣ መጨረሻ ላይ ብድግ ብሎ ወደ ካሜራው ሲስቅ። "ቫይረሳችን የሚሠራውን እዩልኝ" አለች አፏን ሞልታ። ወደ ካሜራው ሳይሆን ካሜራው አጠገብ ወደቆመችው ወደ እሷ እንደሚስቅ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጎረቤቷ ሐዘን እንዳለባት ሰው ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ይሄ ሰው የተወጋው የጨው ውሃ ነው" አለች።

ከኋላ ወንበር አንዱ ቀልደኛ፣ እንግዲያውስ ቫይረሱን ትተን ጨው እንነግድ አለና አዳራሹ ሳቀ። ተመራማሪዋ ኩም አለች። ጆሮዋ ጋለ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቫይረሱ በተወጉት ላይ ከተጠበቀው በላይ ጥሩ መሥራቱ ተነገረ፣ ተጨበጨበም፣ ስሟም ተጠራ። እሷ ግን ግድግዳው ላይ ቆሞ የቀረውን የሰውየውን ፈገግታ ከማየት በቀር ምንም አልሰማችም። የጨው ውሃ ማንንም ከወንበር አያስነሳም። ታዲያ ምን አስነሳው?

መልሱን ያገኘችው ፀጉር ቤቱ ሄዳ ነው። ባለቤቱ የአንድ ደንበኛ አንገት እየላጨች በአገጯ የጓዳውን በር አመለከተቻት። ጓዳው ውስጥ መደገፊያ የሌለው፣ ልክ የመለኪያው ክፍል ወንበር የመሰለ የእንጨት ወንበር አለ። ከፊቱ ሲሚንቶው በጫማ ተፍቆ ነጥቷል።

ደንበኛው ከሄደ በኋላ ሴትየዋ እጇን እየጠረገች መጣች። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት፣ ማታ ከተዘጋ በኋላ ሲነሳና ሲቀመጥ፣ ሲነሳና ሲቀመጥ እንደከረመ ነገረቻት። ጉልበቱ ሲያብጥ በበረዶ ይዛለታለች። ሽንቱ እንደ ሻይ ሲጠቁር ፈርታ ተው ብትለው፣ ልጅቷን በሰው ፊት ላዋርዳት ወይ ብሎ ተቆጣት። "ለኔ እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም" አለች፣ ቅናት ሳይሆን ግርምት በሞላው ድምፅ።

ተመራማሪዋ ሽንት የሚያጠቁረው ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ጡንቻ ሲቀደድ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ሰው ጡንቻውን ባሠራ ቁጥር ይጠነክርልኛል ቢል ይሳሳታል፤ ከልኩ ካለፈ የተረፈችውንም ይጨርሳል። ሰውየው ያቺን የቀረችውን ጡንቻ በጭብጨባዋ መንዝሮ ሲሰጣት ነው የከረመው። ማፈሯ ከአዳራሹ ማፈር ጋር አይገናኝም ነበር። ያኛው ፊት ያቀላል፤ በዚህኛው ግን የተጎዳው ሌላ ሰው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ሲገባ ሁሉንም ነገረችው። የተወጋው የጨው ውሃ መሆኑን፣ ልምምዱ ጭኑን እንደጎዳው፣ ክፍሉ መግባት እንዳልነበረባት። ሲሰማ ቆይቶ እሱም አንገቱን ደፋ።

"አሳፈርኩሽ ማለት ነው" አላት።

የለም፣ ያሳፈርኩዎት እኔ ነኝ አለችው።  ተመራማሪዋ እንባዋ ግጥም ብሎ እጁን ያዘችና፣ በሚቀጥለው ልኬት ለኔ ብለው እንዳይታገሉ ብላ ለመነችው። "ቃል ይግቡልኝ ጋሼ። እንዳሉ ይሁኑ፣ በቃ።"

ቃል ገባላት። እሷም ሸክሟን አራግፋ፣ ቀልሏት ወደ ቤቷ ሄደች። በሚቀጥለው ልኬት ካልተነሳ እውነተኛውን መርፌ እንደማያገኝ አልነገረችውም። ሲመዘገብ የፈረመው ወረቀት ላይ ስላለ ያውቀዋል ብላ ነው፤ ወይም ይቅርታ በመጠየቅ ተጠምዳ ረስታው ነው። እውነቱን ለመናገር ረስታው ነው።

በልኬቱ ቀን ክፍሉ አልገባችም። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ተቀምጣ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች። ብትገባ፣ ብታጨበጭብ፣ እንደሚነሳ ታውቃለች። ዛሬ ግን ጨዋ ናት። ለኪው ለሁሉም የሚለውን አንድ ዓይነት ቃል ሲል በበሩ ውስጥ ሰማችው፤ ተቀመጥ፣ ከቻልክ ተነሳ። ከዚያ ዝምታ። ደግሞ ያው ቃል፣ ደግሞ ዝምታ።

በሩ ተከፈተና ፀጉር አስተካካዩ በባለቤቱ ክንድ ላይ ወጣ። ፊቱ እንደ መጀመሪያው ቀን በርቷል።

"ቃሌን ጠበቅኩልሽ ልጄ" አላት። "ትንሽ ብገፋ እነሳ ነበር። ጭኔ እሺ ሊለኝ ምንም አልቀረው። 'ኧረ ተው፣ ቃል ገብተሃል' አልኩና ቁጭ አልኩ። አሁንስ ኮራሽብኝ?"

የመርፌው ሕግ ያን ጊዜ ትዝ አላት። አልፋው፣ የተከለከለችውን በር ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች። ለኪው ውጤቱን ኮምፒውተሩ ላይ መዝግቦ ጨርሷል። ከመጀመሪያው ጭብጨባ እስከ ቃል ማስገባቱ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ፊት እንዲህ አንሳ አታውቅም። እሱም አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። ጥፋቱ የተመራማሪዎቹ ወገን መሆኑ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ከቀረበ አንድ ጊዜ እንደገና መለካት ይፈቀድ ይሆናል፤ አንቺ ግን ከዚህ ሥራ ትወጫለሽ አላት። እሺ አለች። ጀግንነት አልነበረም፤ እንቢ የምትልበት ፊት ስለሌላት ነው።

ስትወጣ ባልና ሚስቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። መነሳቱ የመርፌው በር እንደነበር፣ ምናልባት ሌላ ቀን ደግመው እንደሚለኩት፣ ያን ቀን እሷ እንደማትኖር እየተንተባተበች አስረዳቻቸው። ሚስትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባልየው ግን ከዚያ ሁሉ የሰማው አንዱን ብቻ ነው፤ ዛሬም አላስደሰታትም። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

"አጠፋሁ ማለት ነው" አለ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ፊቷን እየፈለገ፣ "ታዲያ ልጄ፣ ያን ቀን እንዴት ብሆን ደስ ይልሻል?" አላት።

አፏን ከፈተች። ይነሱልኝ ልትል ነበር፤ ጭኑ ትዝ አላት። እንዳሉ ይሁኑ ልትል ነበር፤ መርፌው ትዝ አላት። ምንም ብትል ያንኑ ያደርገዋል። 

ሚስትየው ብድግ ብላ ኮቱን ታለብሰው ጀመር። ክንዱን ወደ እጅጌው ማንሳት ስለማይችል እሷ ናት የምታነሳለት፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። እሱ እየለበሰም ቢሆን መልሷን እየጠበቀ የተመራማሪዋን ፊት ያይ ነበር።