ሮስኮ ድምፅ የሰጠበት ማክሰኞ

መጀመሪያ ግንባሩ ታጠፈ። ከዚያ ዓይኖቹ፣ ከዚያም አፍንጫው። መሰላል ላይ የወጡት ሠራተኞች ገመዱን ሲያላሉት፣ የቤት በር የሚያካክሉት ጥርሶቹ ብቻቸውን ቀርተው ለሚልዋኪ ከተማ ለአፍታ ሲስቁ ቆዩ፤ በመጨረሻ እነሱም ተጠቅልለው መሬት ወረዱ። ሮስኮ ቲለሪ እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ በሸራ ላይ የታተመው የገዛ ፊቱ ከስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ከእግረኛው መንገድ ላይ ቆሞ አየ።

«ስትጠቀለል ይበልጥ ታምራለህ» አለው የበሩ ጠባቂ ሎኒ።

«እሱን ተወውና አስገባኝ። ጫማዬን ረስቼ ነው።»

«አልችልም፣ አምበል። ፎቶህ እንኳ ተባሮ ሲወጣ እያየህ አንተን እንዴት ላስገባህ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሎኒ ዓይኑን በሩ ላይ ወደተጠላለፈው ሰንሰለት መለሰ።

የክለቦቹ ባለቤቶች በሮቻቸውን የዘጉት በሐምሌ ነበር። ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ ጋር የነበራቸው ስምምነት ሲያበቃ፣ አዲሱ ላይ አንድ አንቀጽ ካልገባ ብለው አሻፈረን አሉ፤ ተጎድቶ ከሜዳ የራቀን ተጫዋች ክለቡ ውሉን አፍርሶ ሊያሰናብተው ይችላል የሚል። ተጫዋቾቹ እንቢ አሉ። አሁን በረዶ ሊጥል ነው፤ ውድድሩ ግን አልተጀመረም። ዛሬ ከሰዓት የየክለቡ ተጫዋቾች ተወካዮች አንቀጹን ይቀበሉ እንደሆነ ለማኅበራቸው ድምፅ ይሰጣሉ። የዚህኛው ክለብ ተጫዋቾች ተወካይ ሮስኮ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ዘንድሮ ካልተጫወተ ሌላ ዘንድሮ አይኖረውም።

የክለቡ ባለቤት ሚስተር ክራንዝ ለቁርስ ቀጥረውት ነበርና ከስታዲየሙ ወደዚያው አመራ። ክራንዝ በቺዝ ፋብሪካ የከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያዘዙት እንቁላል ግን ቺዝ አልነካውም።

«ሐኪሜ ከልክሎኛል» አሉ ሳህናቸውን በሐዘን እያዩ። «ሰውን ሁሉ አብልቼ እኔ ጾመኛ ሆንኩ። ስማኝ ሮስኮ። ዛሬ እሺ በል። ሌሎቹ የሚያዩት አንተን ነው፤ ታላቃቸው ነህ። አንድ የመጨረሻ ዓመት ትጫወታለህ፣ ሕዝቡ ቆሞ ይሸኝሃል። ከዚያ ረዳት አሠልጣኝ አደርግሃለሁ። ቃሌ ነው።»

የሮስኮ ሹካ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። አሠልጣኝ የመሆን ምኞቱን ከሚስቱ ከኦዴሳ በቀር የነገረው ሰው የለም፤ ሽማግሌው ግን ከፊቱ አንብበውታል።

«የጉልበቴ ጅማት የተበጠሰ ጊዜ ትዝ ይልዎታል?» አለ።

«ሆስፒታል ድረስ አበባ ይዤ መጥቼ አልነበር እንዴ?»

«አበባው አስነጥሶኝ ስፌቴን ሊፈታው ነበር።»

ክራንዝ ከት ብለው ሳቁ።

«ያኔ ይሄ አንቀጽ ቢኖር ኖሮስ?»

«አንተን? በጭራሽ አላሰናብትህም!»

«አውቃለሁ። እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። ደግነትዎ ግን ውሉ ላይ አልተጻፈም። ነገ ክለቡን ለማን እንደሚሸጡትም አላውቅም።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡት። «ብቻ አስብበት» አሉ።

አሰበበት። መኪናውን እየነዳም አሰበበት። አፉ ለክራንዝ ያን ያህል ቢናገርም፣ ልቡ ቀድሞት ሄዶ ከአሠልጣኙ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ክራቫት እንኳ መርጧል። ስለ ክራንዝ ቃል ለማንም ትንፍሽ ሳይል እሺ ብሎ ድምፁን ቢሰጥ ማን ያውቅበታል?

በሩ ከተዘጋባቸው ወዲህ ቡድኑ የሚለማመደው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግማሹ ሜዳ የእነሱ፣ ግማሹ በሙዚቃ ስፖርት የሚሠሩ አሮጊቶች ነው። ሮስኮ ሲገባ፣ ግዙፉ ሊቱዌኒያዊ ሊናስ ኳሱን ጥሎ በአሮጊቶቹ መሃል ዳሌውን ለማወዛወዝ ይታገላል።

«ልጄ፣ ወገብ የለህም እንዴ?» ይሉታል የአዳራሹ ኃላፊ ሚስ ኧርሊን።

ተረከዙ ላይ ጅማቱ የተበጠሰው ቴረል ማኮይ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ምርኩዞቹ ከጎኑ ተጋድመዋል። አንቀጹ ቢጸድቅ የመጀመሪያው ተሰናባች እሱ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

«አምበል፣ ምን አብልተው ላኩህ?» አለው ቴረል። «ፊትህ የሰረቀ ድመት መስሏል።»

ሮስኮ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሁሉንም ጠርቶ ነገራቸው፤ ግብዣውን፣ ቃል የተገባለትን ሥራ፣ ምን ያህል እንዳጓጓውም ጭምር።



«አንተ አሠልጣኝ?» አለ ሊናስ። «ያን ጊዜ በሩን የምዘጋው እኔ ራሴ ነኝ!»

ሳቁ ጣሪያውን አናጋው። ያልሳቀው ቴረል ብቻ ነበር።

«ውሰደው፣ አምበል» አለ። «የምሬን ነው። የእኔ ተረከዝ ሊድንም ይችላል። ያንተ ዓመት ግን ካለፈ አይመለስም። አልቀየምህም።»

 ቴረል ቢሰድበው ወይም ቢለምነው ኖሮ ለሮስኮ ይቀልለው ነበር።

«ተረከዝህ እስኪድን አፍህንም አሳርፈው» አለውና ወደ ሌሎቹ ዞረ። «እንቢ የሚል እጁን ያንሣ።»

እጆች ወጡ። ከአሮጊቶቹም ሁለቱ አነሡ። ሮስኮ ለማኅበሩ ደውሎ «ሚልዋኪ እንቢ ብሏል» አለ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብሎ ወዲያው ለክራንዝም ደወለ።

«ሞኝ ነህ» አሉት።

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«አሁን የት ነው ያላችሁት?»

ነገራቸው። ጥቂት ቆይቶ የአዳራሹ በር ተከፍቶ ክራንዝ ብቅ አሉ። ሚስ ኧርሊን ደፉ ላይ ደርሰው እጃቸውን ዘረጉ።

«ጌታዬ፣ በውጭ ጫማ ወለሌ አይረገጥም።»

«እመቤቴ፣ እኔ እኮ የክለቡ ባለቤት ነኝ።»

«እኔ ደግሞ የወለሉ።»

ክራንዝ ሰውን ሁሉ በዓይናቸው ቃኙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር። አንደኛው ካልሲ ተቀድዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል። ማንም አልሳቀም፤ ሊናስ ግን ከንፈሩን መንከስ ነበረበት። ሽማግሌው እንዳይንሸራተቱ እየተጠነቀቁ ሜዳውን አቋርጠው ቴረል ዘንድ ደረሱ፤ በፋሻ የተጠቀለለውን እግሩን አዩት፤ ምርኩዞቹን አዩ። ግድግዳውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ከጎኑ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«በል ንገረኝ» አሉት። «ከተበጠሰብህ ቀን ጀምረህ።»

ሊናስ የጣለውን ኳስ አንሥቶ ያነጥር የነበረው ሮስኮ፣ የቴረል ድምፅ እንዲሰማ ኳሱን በሁለት እጁ ያዘው።