አልቀለበችም የተባለችው ሴትዮ

ዓለም ጤና ውስጥ ሙሉዬን የሚያውቅ ሰው ያቺንም ቃል ያውቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛት የኖረች፣ ሰው ባገኘች ቁጥር የምታወጣት ቃል ናት፦ «አልቀለበችም»።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓሣ ምርምር ሰዎች መጥተው ከሽንኩርት ማሳዋ ጀርባ ኩሬ አስቆፈሩ፤ ጣት የማያክሉ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶችም ጨመሩላት። ሙሉዬ ጠዋት ማታ ፉርሽካና ፋጉሎ እየቀየጠች ቀለበቻቸው። ለላሟ ከምትሰጠው ቀንሳ ነው። ዓመት ሞላ፤ ዓሣው ግን ከመዳፍ አላለፈም። ያኔ ገና ተመርቆ የወጣው ባለሙያ ራህመቶ መጣ፤ ኩሬውን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ቅጽ ሞላ፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሮ አስፈረማት። እሱም አላነበበላትም፣ እሷም አንብብልኝ አላለችም። በሳምንቱ ያ ወረቀት ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነበበ። «ዓሣዎቹ አላደጉም፤ ምክንያቱም የኩሬው ባለቤት አልቀለበችም» ይላል።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም የባሰው የሽንኩርት ነጋዴው ኑሬ ነበር።

«ሙሉዬ፣ ፉርሽካውን ራስሽ በላሽው እንዴ?»

ሳቁስ ይሁን። በገዛ ጣቷ መፈረሟ ነው ያንገበገባት።

ሌላ ሰው ቢሆን ኩሬውን ይተወው ነበር። እሷ ግን በየዓመቱ ትቀልባለች፣ በየዓመቱ ዓሣው መዳፍ ላይ ይቆማል። ባሏ ገመዳ ታጋሽ ሰው ነው፤ ትዕግሥት ግን ወሰን አለው። አምና ሐምሌ ላይ ኑሬ ኩሬውን ደፍኖ ሽንኩርት ሊያለማበት ሲጠይቀው በእሺታ አንገቱን ነቀነቀና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ነው። ያኔ ዓሣሽ ሩብ ኪሎ ካልሞላ ይደፈናል። በቃ!»

«ከሞላስ?»

«ከሞላማ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

«ኑሬ ባለበት ትለዋለህ?»

«ኑሬ ባለበት።»

በማግስቱ ጠዋት ሙሉዬ በአሮጌ ዘንቢል አንዲት ዓሣ ዛቅ አድርጋ አወጣች። ዓሣዋ ጉንጯን ነፍታለች። አፏን ብትከፍተው ከገብስ ቅንጣት የማይበልጡ ጫጩቶች ሳፋው ውስጥ ዝርግፍ አሉ።

«ልጆቿን በልታለች! ርኩስ ነገር ነው፣ ጣያት!» አለ ገመዳ።

«ዝም በል፣ በሕይወት አሉኮ! አፏ ውስጥ እያሳደገቻቸው ነው።»

ጫጩቶቹ ሳፋው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ሙሉዬ እነሱን አየች፤ መዳፍ የማታክል እናታቸውን አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ ማሳውን አየች። ከማሳው ዳር ለዘር የተተወው ሽንኩርት አበባውን ተሸክሞ ቆሟል። አበባ ያወጣ ሽንኩርት ራስ እንደማይዝ፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ዘሩ እንደሚሄድ ዓለም ጤና ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ዘላ ተነሣች።

«ገመዳ! ኩሬዬኮ አብቧል! ሳያድጉ እየወለዱ ነው! እኔ የቀለብኩት አንድ ትውልድ፣ የበላው አምስት ትውልድ! ምን ብሎ ይደግ?»

«እና አበባውን እንዴት ልትቆርጪው ነው?»

«ሴቶቹን አወጣለኋ!»

ያን ቀን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ባቱ ወረደች። እዚያ ሐይቁ ዳር ሃያ ዓመት ዓሣ ስትበልት የኖረች ሱሃይላ የምትባል ወዳጅ አለቻት። ሱሃይላ አንድ ዓሣ ገልብጣ አሳየቻት።

«ከሆዱ ግርጌ እዪ፤ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት። ግን ትንንሹን መለየት አይሆንልሽም እቴ፤ ዓይን ያታልላል።»

ሙሉዬ አውራ ጣቷን አየች። ያኔ ቀለም ውስጥ ሲነከር፣ በዓይን የማይታይ መስመር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጥቶ ነበር። ስትመለስ ፋርማሲ ገባችና ያንን ለቁስል የሚቀባ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ገዛች። ቤት ገብታ አንድ ዓሣ ገልብጣ ጠብ አደረገችበት፤ ቀዳዳዎቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። ሦስት! ሌላ አነሣች። ሁለት!

እልልታዋን ጎረቤት ሰምቶ ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

ኩሬውን እስከ ጭቃው አደረቀችው። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ቀብታ ለየች፤ ሴቶቹ ወደ መጥበሻ፣ ወንዶቹ ወደ አዲስ ውኃ። ከዚያ ያው ፉርሽካ፣ ያው ፋጉሎ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ራህመቶ ጋ ደወለች። አዳማ ሆኖ አለቃ ሆኗል አሉ።

«እትዬ ሙሉዬ! ያቺ ኩሬ አሁንም አለች?»

«አለች። ያንን ወረቀት ይዘህ ና።»

«ሚዛንስ ላምጣ?»

«ሚዛን ተወው፣ ሚዛን አለኝ።»

ሚዛኑ የኑሬ ነበር። መረቡ ሲጎተት ውኃው ፈላ፤ ገመዳ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ ሰው ከየማሳው እየሮጠ መጣ። የመጀመሪያው ዓሣ ሁለት መቶ ሰማንያ ግራም። ሁለተኛው ሦስት መቶ አሥር። ኑሬ «ሚዛኑ ልክ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው፤ በዚያው ሚዛን ሽንኩርት የሸጡለት ሰዎች ሁሉ ዙሪያውን ቆመው ያዩታል።

«ጨርሰው እንጂ!» አለችው።

«ልክ ነው አልኩ፤ ወላሂ ልክ ነው!»

«ኑሬ፣ ኩሬው አይደፈንም» አለ ገመዳ ከጭቃው ውስጥ።

ራህመቶ አንዱን ዓሣ ገልብጦ አየ፤ ሌላውንም ገለበጠ። «ሁሉም ወንድ! ወንድ ብቻ ማርባት እኛም እናውቃለን፣ ግን... መለያውን ማን አሳየዎት?»

«አንተ!» አለችና አውራ ጣቷን አነሣችለት።

ፊቱ ቀላ። አዲስ ቅጽ ሊያወጣ ቦርሳው ውስጥ ገባ።

«መጀመሪያ አሮጌውን። ጮክ በል።»

አነበበው፤ «አልቀለበችም» የምትለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ። የሳቀ ሰው የለም።

«አሁን ከሥሩ ጻፍ። ቀልባቸዋለች፣ ያላደጉት ወንድና ሴት ተደባልቆ ስለተሰጣት ነው በል።»

ጻፈ።

«አንብበው።»

አነበበ።

«ድገመው፤ ኑሬ አልሰማም።»

«ኧረ ሰምቻለሁ!» አለ ኑሬ።

«ይድገመው!»

ደገመው። የማስፈረሚያ ቀለሙን ሊከፍትላት ሲል እጁን ገፋ አደረገችው። ያቺን የቁስል መድኃኒት ጠርሙስ ከመቀነቷ ፈትታ አውራ ጣቷን ነከረችና፣ በዚያች «አልቀለበችም» በምትል ቃል ላይ ጥፍሯ እስኪነጣ ተጭና ፈረመች።