ኮምፒውተሩ ያዋጣል ያልሁት እኔ ነኝ

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. መተማ ላይ የሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ ሲከራከሩኝ ደሜ የሚፈላ። ወዳጄ ሐሚድ ነጋዴ ነው። በሱቁ ጓዳ ጄኔሬተርና ቴሌቪዥን አቁሞ ሰው እየከፈለ እንዲጫወት አሰበና ሱዳን ገዳሪፍ ያየውን አታሪ የሚሉትን የጨዋታ መሣሪያ ሊያመጣ ተነሣ። እኔ ግን ኮምፒውተር አምጣ አልሁት።

«አታሪው እኮ በግማሽ ዋጋ ነው፣ ኡስታዝ።»

«ግማሽነቱ ለዛሬ ነው! ነገ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ካርትሪጅ ልትገዛ ነው። ኮምፒውተር ከሆነ ጨዋታውን ከመጽሐፍ እያየሁ እኔው እጽፍልሃለሁ፤ እንደ ዘፈን ተራ ካሴት ላይ ይቀዳል፣ በቃ። በነፃ!»

አስልቼ አሳየሁት፤ እጁን ሰጠ። ኮምፒውተሩ በማሽላ ጆንያ ተደብቆ ኬላውን አለፈ።

የቀበሌ ውይይት ቀርቼ የመጀመሪያውን ጨዋታ ስጽፍ ዋልሁ። ልክ ስጨርስ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆበት ማሳል ጀመረ። እሱ ከጠፋ የጻፍሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሐሚድ ጀሪካን ይዞ ሮጠ፤ እኔ መደርደሪያውን ዳብሼ አንድ ካሴት አገኘሁ። ሰው እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችው ፕላስቲክ ሆን ተብሎ ተሰብራለች። በብልሃቴ እየተኩራራሁ ቀዳዳውን በወረቀት ወተፍሁና ጨዋታዬን ቀዳሁበት።

ሐሚድ ነዳጁን ይዞ ሲመለስ ካሴቱን ለየው፤ ኢሳ የላከው ነበር። ኢሳ የሐሚድ ታናሽ ነው። ጅዳ ሊሻገር ፖርት ሱዳን ላይ ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት ድምፁን ቀድቶ ለእናቱ ላከ፤ ጀልባዋ ሰጠመች። እናቱ እማማ መጂዳ ዓርብ ዓርብ ሱቅ መጥተው ያን ድምፅ ይሰሙ ነበር። ከልጃቸው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።

ሐሚድ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለእናቱ መናገር ግን ሁለታችንም ፈራን።

ዓርብ መጡ። እኛ ስንንተባተብ እሳቸው ራሳቸው ቴፑን ከፈቱት። ጨዋታ በቴፕ ሲሰማ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ሰባት ደቂቃ ጮኸ። ከዚያ ጨዋታዬ ካልደረሰበት ከካሴቱ መጨረሻ ላይ የኢሳ ድምፅ መጣ፦ «...በይ እናቴ፣ ደኅና ሁኚ።»

የእማማ መጂዳ ፊት አመድ መሰለ።

«ዛሬ ገና ነገረኝ» አሉ። «ባሕሩ ውስጥ እንዲህ ነው የጮኸ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናዘዝሁ። ጨዋታውን ከፍቼም ነጯ ነጥብ ቴሌቪዥኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትነጥር አሳየኋቸው። አዘኑልኝ እንጂ አላመኑኝም።

«አይ ልጄ፤ የልጄን ድምፅ እኔ ላጣው?»

ሐሚድ ኮምፒውተሩን ሸጠው። እማማ መጂዳ ግን ዓርብ ዓርብ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ያን ጩኸት ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንድ ቀን አላስችል አለኝና «ጩኸቱን አሳልፌ ስንብቱን ብቻ ላሰማዎት?» አልኋቸው።

እጄን ያዙት።

«ተው ልጄ። አሁንም ብቻውን ይጩህ?»