አንደኛው ወይስ ሁለተኛው

“እስከ ሐሙስ ድረስ ያንን እንጨት ሲሞርድ ነበር አሉ” አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሄራን ሻይ ይዛ በድንኳኑ መሃል ስታልፍ ሰማቻት። ድንገት ስትቆም ሻዩ ትሪው ላይ ፈሰሰ። አባቷ በኃይሉ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ዘምረው ሄደዋል። እናቷ ታቢታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ “ልቡ ነው። ዓርብ ጠዋት ስቀሰቅሰው አልነቃም” ትላለች።

እንጨት የተባለው የሸክላ ማጫወቻ ክንድ ነው፤ መርፌውን ተሸክሞ ሸክላው ላይ የሚሄደው። በኃይሉ መሃል ከተማ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሮ፣ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ከዋንዛ እንጨት በእጁ ሠራው። ወዳጁ ጋሽ ሱሌይማን፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ በወንድማቸው በኩል ከዱባይ የጃፓን ክንድ አስመጡ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንዶቹን እያፈራረቁ አንድ የዋሽንት ሸክላ ያጫውታሉ። የትኛው ክንድ ድምፁን ጥርት አድርጎ እንደሚያወጣ የምትዳኘው ሄራን ነበረች። ዓይኗን በነጠላ አስረው ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞሯታል።

“ዓይን ካየ ጆሮ ያደላል” ይል ነበር አባቷ።

አራት ዓመት ሙሉ የጃፓኑን መረጠች። አባቷ “እሺ” ብሎ ወደ ሞረዱ ይመለሳል። ከሁለት ወር በፊት ግን ነጠላውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረላት። ሁለተኛው ዙር ሊጀምር ሲል ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። የሱ ነው ብላ አሰበች።

“ሁለተኛው” አለች። “ጥርት ያለ ነው።”

አባቷ “እሺ” ብሎ ነጠላውን ፈታላት። ከዚያ ወዲህ ለዳኝነት ጠርቷት አያውቅም።

ትሪውን አስቀምጣ የአባቷ መሥሪያ ክፍል ገባች። ጋሽ ሱሌይማን ተከትለዋት ገቡ።

“ምነው ልጄ?”

“ጋሽ ሱሌይማን፣ አባቴን ዋሽቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለተኛው ይሻላል ያልኩት የሱ ስለመሰለኝ ነው። ለጆሮዬ እኮ አንድ ነበሩ።”

“አንድ ናቸዋ። ሁለቱንም ጊዜ የኔኑ ነው ያጫወትነው።”

ሄራን ቀና ብላ አየቻቸው።

“በኃይሉ ነው ያለኝ። ‘እንደቀየርን እናስመስልና ምን እንደምትል እንስማ፤ ዳኛም ይፈተናል’ ብሎ።”

“አውቆብኛል ማለት ነው።”

“ወዲያው። ከወጣሽ በኋላ እዚቹ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የተናደደ መስሎኝ ነበር። ‘ልጄ አዘነችልኝ’ አለኝ። ‘ሳትዋሽ የምትመርጠውን ሠርቼ እጠራታለሁ’ አለ። ሐሙስ ማታ ደውሎ ‘ለቅዳሜ ደርሷል፣ ና’ ብሎኝ ነበር።”

ቅዳሜ ቀበሩት።

ሄራን ነጠላዋን አወለቀችና በራሷ እጅ ዓይኗን አሰረች። “ሁለቱንም ያጫውቱልኝ” ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዋሽንቱ ሲሰማ ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። “በለቅሶ ቤት?” አለ አንዱ። “ተዉአት” አለች ታቢታ፣ “የአባቷ ሥራ ነው።”

የአንዱ ክንድ ዙር አለቀ። ጋሽ ሱሌይማን ብሎኑን ፈተው፣ ሌላውን ገጥመው እንደገና ጀመሩ። ሄራን አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሁለቱ እጅግ ተቀራርበዋል፤ ግን አንድ አይደሉም።

“አንደኛው” አለች።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። “የኔ ነው፣ ልጄ።”

“ለጥቂት ነው የተበለጠው፣ ጋሽ ሱሌይማን። ለጥቂት ነው እኮ!” አለችና ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ዋሽንቱ አልቆ መርፌው የሸክላው ጫፍ ባዶ መስመር ላይ ይንሿሿል። ጋሽ ሱሌይማን የዋንዛውን ክንድ ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ። ሄራን ዓይኗን እንዳሰረች በዳሰሳ የእጃቸውን አንጓ አገኘችና እንዳያነሡት ያዘቻቸው።